በሩ ላይ የተደገፈ ዱላ

ኒሽማ መንደር ውስጥ ቁልፍ የሚባል ነገር የለም። ሰው ከቤቱ ሲወጣ አንድ ዱላ በሩ ላይ ያስደግፋል፣ አለቀ። ዱላው ቆሞ ከታየ ቤት ውስጥ ሰው የለም ማለት ነው፤ ያየው ሁሉ ዞሮ ይሄዳል። ሰካራምም ይሁን የእጅ አመል ያለበት፣ የተደገፈ ዱላ አንስቶ የገባ ሰው በዚያ አገር ታይቶ አያውቅም። ጫካ ውስጥ የተበተኑት የአዳኞች ጎጆዎችም ደንባቸው ይኸው ነው።

ፌኦፋን ሎቼኪን ደመወዝ የሚበላው በዚህ ዱላ ነበር ማለት ይቻላል። ከጫካው ማዶ፣ ከምዕራብ በኩል፣ የጦሩ የሮኬት ማስወንጨፊያ ጣቢያ አለ። ሮኬት በተተኮሰ ቁጥር በኒሽማ ሰዎች አናት ላይ ያልፍና የታችኛው ክፍሉ ተገንጥሎ ከመንደሩ ጀርባ ካለው ረግረግ ይወድቃል። ስለዚህ ከመተኮሱ በፊት ከጣቢያው ስልክ ይደወላል፤ ፌኦፋንም በበረዶ ሞተሩ እየዞረ ጎጆዎቹን ያያል። ዱላ የቆመበትን አልፎ፣ ዱላ የሌለበትን አንኳኩቶ፣ የተገኘውን ሰው እያንገላታ ያስወጣል። ከዚያ «ሰው የለም» ይላል፣ ሮኬቱም ይተኮሳል። እሱ ሰው የለም ካላለ ግን ጄኔራሉም ቢሆኑ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ይህን ነገር ፌኦፋን በጣም ይወደው ነበር።

መንደሩ በበኩሉ የሚወደው ሌላ ነገር ነው። የሚወድቀውን ብረት «በርሜል» ይሉታል። ከቆዳው የተሠራ ጀልባ ቀላል ነው፣ አይበሰብስም፣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ለበርሜሉም ደንብ አለው፤ መጀመሪያ ጓንቱን ያስቀመጠበት ሰው ባለቤት ነው። ጓንት ከተቀመጠበት በኋላ ሌላ ሰው አይነካውም። ታዲያ በርሜሉ ውስጥ የሚተርፈው ነዳጅ መርዝ ስለሆነ ሽማግሌዎቹ «ንፋስ እስኪወስደው ቆዩ፣ ቢጫ ጭስ ካያችሁ ድርሽ አትበሉ» ይላሉ። ማን ሊሰማ! አንተ ንፋስ ስትጠብቅ ጎረቤትህ ጓንቱን ያስቀምጣል። ስለዚህ ደፋር ደፋሩ ቀደም ብሎ ጎጆ ውስጥ ይደበቃል፤ ፌኦፋን ደግሞ ጆሮውን ይዞ ያወጣዋል።

ከነዚህ ደፋሮች አንዱ ሳቫቲ ነበር፣ የፌኦፋን አማች። አንድ ልጁን ኡስቲኒያን ያገባ። ሳቫቲ አፉ አያርፍም። በሠርጉ ቀን፣ ሰው ሁሉ ጠግቦና ሞቅ ብሎት ሳለ፣ ተነስቶ ጭልፋ የሻይ ማፍያው ላይ አስደገፈና እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ «ሰው የለም፣ ጌታዬ! አንድ ዝንብ ነበረች፣ እሷንም ከስሻታለሁ!» አለ። ድምፁ ቁርጥ ፌኦፋን። ሠርገኛው መሬት ላይ ተንከባለለ። ፌኦፋን በሠርገኛው ሳቅ ብዙም አልተናደደም። ኡስቲኒያ ግን ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ፣ በነጭ ልብሷ እጅጌ አፏን ይዛ ሳቀች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ያሳደጋት ልጅ በሱ ላይ ሳቀች። ይህ ነገር ሆዱ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

በሚቀጥለው የበረዶ ወራት ፌኦፋን ሳቫቲን ጎጆ ውስጥ ተደብቆ ያዘው። ለሌላው ሰው ስድብና ግልምጫ ይበቃው ነበር፤ ለአማቹ ግን ፖሊስ ጠራ። የበረዶ ሞተሩ ተወሰደ፣ ጀልባው ተወሰደ። ያለ ጀልባ ደግሞ በኒሽማ ምን ኑሮ አለ? ወንዙ ሲከፈት ሰው ሁሉ ዓሣውን ሲያወጣ እነሳቫቲ ዳር ቆመው አዩ። ኡስቲኒያ አባቷ ዘንድ መጣች።

«አባዬ፣ ጀልባህን ለጥቂት ቀን አውሰን።»

«ባልሽ ይምጣና ይለምነኝ።»

«አይመጣም፤ ታውቀዋለህ።»

«እንግዲያው ዓሣ ይቅርባችሁ።»

በሩ ላይ ቆማ ጥቂት አየችው። «እኔስ?» አለች። ወጣች፤ እሱም ሻዩን ጠጣ።

በቀጣዩ ዓመት፣ የበረዶው ወራት ሊያልቅ ሲል፣ ከጣቢያው ተደወለ። አሁን የሚላከው የስለላ ሳተላይት ስለሆነ ነገሩ ጠበቅ ይላል ተባለ፤ አንድ መኮንንም አብሮት እንዲዞር ላኩ። መቶ አለቃ ግሌብ የሚሉት፣ ከከተማ የመጣ፣ ጆሮው ቀይ ሆኖ የሚንቀጠቀጥ ልጅ እግር መኮንን ነው። ከፌኦፋን ኋላ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ መንገዱን ሙሉ ወሬ ለቀቀ።

«አባባ፣ ይሄ የዛሬው ዓይን ምን ዓይነት መሰልዎ! ከሰማይ ሆኖ የጠላት መኮንን ቆብ ላይ ያለውን ኮከብ ያያል። ጺሙን ተላጭቶ እንደሆነ፣ አልተላጨም እንደሆነ ሳይቀር ይለያል!»

«ጎጆ ውስጥ ያለውንስ?» አለ ፌኦፋን።

«እሱንማ እርስዎ ያዩልናል እንጂ!» ብሎ ሳቀ።

ጎጆዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ዱላ፣ ዱላ፣ ዱላ። አንዱ ጋ ሁለት ሽማግሌዎች ተገኙና እየተራገሙ ወጡ። የመጨረሻው፣ ረግረጉ ዳር ያለው ጎጆ ጋ ሲደርሱ መቶ አለቃው ከሞተሩ አልወርድም አለ። እግሩ ደንዝዟል። ፌኦፋን ከጥዶቹ ሥር ትቶት ብቻውን ሄደ፤ የጎጆው በር በወዲያኛው በኩል ስለሆነ ከዚያ አይታይም።

በሩ ላይ ዱላ የለም። ዱላው በረዶው ውስጥ ተጋድሟል። ከጭስ መውጫው ጭስ አይታይም፤ ግን ዙሪያውን ያለው በረዶ ቀልጦ ጠብ ጠብ ይላል። እሳቱ የጠፋው አሁን ነው፤ የሞተሩን ድምፅ የሰማ ሰው አጥፍቶታል። ፌኦፋን ፈገግ አለና ጎጆውን ዞረ። ከኋላ፣ ከማገዶው ክምር ጀርባ፣ የበረዶ መንሸራተቻ ሳንቃዎች ተሸጉጠዋል። ሰፋፊ፣ ከሥራቸው የአጋዘን ቆዳ የለበሱ፣ ጫፋቸው ቀይ ቀለም የተቀባ። ጫፉን ቀይ የሚቀባ ሞልቃቃ በኒሽማ አንድ ብቻ ነው። የሰው ሳንቃ አድርጎ የሚሄድ ደግሞ በዚያ አገር የለም፤ ሳንቃ ለእግር የተሠራ ነው፣ እንደ ጫማ።

ሳቫቲ!

ወደ በሩ ተመለሰ። ሊያንኳኳ እጁን አነሳ። የሠርጉ ቀን ጭልፋ ታየው። «እሷንም ከስሻታለሁ!» የሚለው ድምፅ ጆሮው ላይ መጣ፤ ከሱ ሥር ደግሞ የልጁ ሳቅ። አሁን ቢያወጣው ምን ይሆናል? ሳቫቲ እየሳቀ ይወጣል፣ መቶ አለቃው ፊት አንድ ቀልድ ይጥላል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ይመለሳል። ፖሊስ ቢጠራ ከዚህ በኋላ ምን የሚወሰድ ነገር አለው? ምንም።

ጫካው ሰፊ ነው፣ አለ በሆዱ። በርሜሉ እዚህ ይወድቃል ያለው ማን ነው? ባለፈው ጊዜ የወደቀው ከዚህ በጣም ርቆ ነው። ቢወድቅስ? ራሱ ፈልጎ የመጣ ሰው ነው። እኔ አምጥቼዋለሁ?

ጉሮሮው ከርክሮት አሳለ። ከውስጥ ወለሉ አንዴ ሲጥ አለና ዝም አለ። ፌኦፋን ጎንበስ ብሎ ዱላውን ከበረዶው አነሳ፣ አራገፈው፣ ቀስ ብሎም በሩ ላይ አስደገፈው። እውነቱን ለመናገር ደስ አለው፤ ከሠርጉ ቀን ወዲህ እንዲህ ቀለል ብሎት አያውቅም።

«ዱላው ቆሟል!» ብሎ ወደ ጥዶቹ ጮኸ። «ሰው የለም!»

«ገብተው አላዩም?» አለ መቶ አለቃው ሲመለስ።

«ዱላ የቆመበት ቤት አይገባም። እናንተ አገር ይገባል?»

«እኛ አገር ዱላውንም ይሰርቁታል!» አለ መቶ አለቃው፤ የራዲዮ መገናኛውንም አውጥቶ ቀጠናው ነፃ መሆኑን ለጣቢያው ነገረ።

ወንዙ ዳር ወዳለው መጠለያ ሄደው ጠበቁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። መጀመሪያ ከጫካው ማዶ ብርሃን ተነሳ፣ ቀጥሎ ነጭ ጭራ እየጎተተ ወጣ፤ ድምፁ ዘግይቶ ደረሰና የመጠለያውን መስኮት አንቀጠቀጠው። መቶ አለቃው ቆቡን ወርውሮ «ሂድ! ሂድ የኔ ዓይን!» እያለ ዘለለ። ፌኦፋን ወደ ላይ አላየም፤ ረግረጉን ነው ያየው። ቆይቶ አንድ ጥቁር ነገር ከሰማይ እየተገለባበጠ ወረደ። መሬቱ ተመታ። ከጥዶቹ በላይ፣ ልክ በመጨረሻው ጎጆ አቅጣጫ፣ ቢጫ ጭስ ተነሳ።

ወይ አምላኬ፣ እላዩ ላይ ነው የወደቀው፣ አለ በሆዱ። ሆዱ ግን አልደነገጠም።

ደንቡ በርሜሉ እንደወደቀ ሄዶ ማየት ነው። «ንፋሱ ወደኛ ነው፣ ነገ እንሂድ» አለ ፌኦፋን። ንፋሱ ወደነሱ አልነበረም። መቶ አለቃው ንፋስ የት እንደሚነፍስ የሚያውቅ ሰው አይደለም፤ ሻይ ብቻ ነው የናፈቀው። «እርስዎ ካሉ ምን ቸገረኝ!» አለ። ተያይዘው ወደ መንደር ተመለሱ።

የካፒቶሊና ሱቅ ሞቅ ያለ ነው። ካፒቶሊና ባለሱቅም፣ የመንደሩ አስተዳዳሪም፣ የወሬ ማዕከልም ናት። ፌኦፋን በሩን ገፍቶ ሲገባ መጀመሪያ ያየው አንድ በጨርቅ የተጠቀለለ እግር ነው። ቀና ብሎ ፊቱን አየ። ሳቫቲ ምርኩዙን ብብቱ ሥር አድርጎ ጨው ሲያስመዝን ቆሟል።

«ጤና ይስጥልኝ አማቴ» አለ ሳቫቲ። «እንዴት ነው፣ ዛሬ ስንት ዝንብ ከሰሱ?»

ፌኦፋን በሩን እንደያዘ ቀረ። «አንተ... እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ጨው ልገዛ ነዋ። ምነው፣ ጨውም ተከለከለ?»

«እግርህ ምን ሆነ?»

«ማገዶ ስፈልጥ መጥረቢያው ሳተኝ። ኧረ ምን ሆነዋል? ሙት ያዩ መሰሉ!»

«ኡስቲኒያ የት ናት?»

«ታችኛው መንደር፣ አክስቷ ዘንድ። ትናንት ሄደች።»

«በምን ሄደች?»

«በክንፏ!» አለ ሳቫቲ ሳቅ ብሎ። የሽማግሌውን ፊት ሲያይ ግን ሳቁ ቆመ። «በሳንቃ ነው። የሷ ተሰብሮባት የኔን ወሰደች። ኧረ ምንድን ነው ነገሩ?»

ፌኦፋን ወጣ። በሩን እንኳ አልዘጋውም። ካፒቶሊና «ሰውየው ምን ነካው? ብርዱን ለቀቀብን እኮ!» ስትል ሞተሩ ጮኸ።

ያን መንገድ እንዴት እንደሄደ እግዜር ይወቅ። «አይደለችም፣ አይደለችም» እያለ ነዳ፤ ቆቡ ወደቀ፣ አላነሳውም። ከጥዶቹ ሲደርስ የበሰበሰ ዓሣ የመሰለ ሽታ አፍንጫውን መታው፣ ዓይኑ አለቀሰ። የጎጆው መስኮት ረግፏል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ዱላው ወድቆ በረዶው ላይ ተጋድሟል። ከበሩ የወጣ የእግር ዱካ አለ። ዱካው ግን ወደ መንደሩ አይሄድም፣ ወደ ረግረጉ ነው የሚሄደው። የምትሮጥ ሴት ዱካ።

በርሜሉ ግማሹ በረዶው ውስጥ ተቀብሮ ቆሟል። ላዩ ላይ አንድ ግራጫ የሱፍ ጓንት ተቀምጧል፣ በሥርዓት፣ ጣቱ ሳይታጠፍ። ኡስቲኒያ ከሥሩ በግንባሯ ተደፍታለች።

እየጎተተ አወጣት። ትተነፍሳለች። የትንፋሿ ድምፅ ግን የሰው ትንፋሽ አይመስልም።

ከመንደሩ ጤና ጣቢያ አስተኟት። ዓይኖቿ በፋሻ ታሰሩ። ሄሊኮፕተር እንዲላክ መቶ አለቃው ራሱ ለሮኬት ጣቢያው ደወለ፤ ያ ለፍላፊ መኮንን ስልኩን ይዞ ለመነ። ከወዲያ ያለው ሰው አዳምጦ ሲጨርስ ምን አለ? «ቀጠናው ውስጥ ሰው እንዳልነበረ የነገርከን አንተው ነህ። ሰው ካልነበረ የተጎዳ ሰው ሊኖር አይችልም።» ስልኩ ተዘጋ። ሳተላይቱ በሰላም ቦታው ደርሶ ሥራ ጀምሯል፤ ለጣቢያው ሰዎች ሽልማት አለ፤ የማን ሴት ናት ይህን የምታበላሸው? መቶ አለቃው ፌኦፋንን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ዱላውን አምኖ ነበር።

መንደሩም ዱላውን አመነ። ሰው ሁሉ እየመጣ ፌኦፋንን አጽናናው። «አንተ ምን ታደርግ፣ ዱላው ቆሞ ነበር። ዱላ ከቆመ ማን ይገባል? እሷው ናት ዱላውን አቁማ በመስኮት የገባችው።» ፌኦፋን ራሱን ነቀነቀ።

በማግስቱ ኡስቲኒያ ድምፅ አወጣች። ፌኦፋን ከራስጌዋ ተቀምጧል፤ ሳቫቲ በምርኩዙ ከግርጌዋ ቆሟል።

«አባዬ አለህ?»

«አለሁ ልጄ።»

«ሳልህን ሰማሁ» አለች። አንድ ቃል ተናግራ ሁለት ጊዜ ትተነፍሳለች። «ስታስል ነው ያወቅኩህ። በቃ አለቀልኝ፣ አውጥቶ ይሰድበኛል ብዬ ልወጣ እጄን በሩ ላይ አድርጌ ነበር። ራሴ ልወጣልህ ነበር።»

«አትናገሪ፣ ይደክምሻል።»

«ከዚያ ዱላውን ስታስደግፍ ሰማሁ። ቋ አለ፣ በሩ ላይ። ሰው የለም ብለህ ስትጮህ ሰማሁ።» በፋሻ የታሰረው ፊቷ ላይ ፈገግታ መጣ። «አውቀኸኝ ነው አይደል? ለኔ ብለህ ዋሸህላቸው። በሕይወትህ ዋሽተህ አታውቅም፣ ለኔ ዋሸህ። አባቴ ከበርሜሉ ጀልባ እንድሠራ ፈቀደልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ቀረሁ። ሲወድቅ ደግሞ ማንም ሳይቀድመኝ ብዬ ሮጥኩ፣ ንፋሱን ሳልጠብቅ። ጥፋቱ የኔ ነው። አንተ ግን... ይቅር ብለኸኛል፣ አይደል? ለሠርጉ ቀን።»

እጇ አንሶላው ላይ ሲፈልገው አየ። ሰጣት። ሳመችው።

«ሳቫቲ» አለች፣ «አላልኩህም? አባቴ ክፉ ሰው አይደለም አላልኩህም?»

ሳቫቲ አማቱን ያያል። ሲያይ ሲያይ ቆየ፣ ፊቱም ቀስ በቀስ ነጣ።

ፌኦፋን ተነስቶ ወደ ውጭ ወጣ፤ ሳቫቲ ምርኩዙን እያንቋቋ ተከተለው። ደረጃው ላይ ደረሰበት።

«ሳንቃዎቹን አይተሃል» አለ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ በፊት አንተ ብሎት አያውቅም። «ቀዩን ጫፍ አይተሃል። እኔ መስዬህ ነው።»

ፌኦፋን ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «ግደለኝ» አለ። «አለዚያ ገብቼ እነግራታለሁ። ሁሉንም እነግራታለሁ።»

«ትነግራታለህ?» ሳቫቲ ኮሌታውን ይዞ ቀና አደረገው። «የቀራት እሱ ብቻ ነው፤ ዓይኗ ጠፍቷል፣ ሳንባዋ ተቃጥሏል፣ የቀራት አባቴ ወደደኝ የሚለው ነው። እሱንም ልትወስድባት ነው? አንድ ቃል ትንፍሽ ብትል! በየቀኑ ትመጣለህ። በየቀኑ። አጠገቧ ትቀመጣለህ፣ ታመሰግንሃለች፣ አንተም ምንም አይደል ልጄ ትላለህ። ስትሞትም፣ እኔም አንተም ሳንሞት ከቀረን፣ ያኔ እንነጋገራለን።»

ኮሌታውን ለቀቀው። ራሱ ደግሞ ዞሮ ግድግዳው ላይ ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ኡስቲኒያ ወንዙ እስኪከፈት በሕይወት ቆየች። በርሜሉን ማንም አልነካውም፤ ጓንቷ ላዩ ላይ ነበረ። ሳቫቲ እግሩ ሲድን ቆርጦ አመጣውና ጀልባ ሠራ። ሥራው ሲያልቅ ኡስቲኒያ «መጀመሪያ የሚቀመጥባት አባቴ ነው» አለች። ይህን ስትል እሷን እምቢ የሚል ሰው አልነበረም።

መንደሩ ዳር ቆሞ አየ። ሳቫቲ ይቀዝፋል፤ ኡስቲኒያ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ከፊት፤ ፌኦፋን መሃል። ጀልባዋ እውነትም ቀላል ናት፣ ውኃው ላይ ትንሸራተታለች። ኡስቲኒያ እጇን ዘርግታ ብረቱን ዳበሰች።

«ጥሩ ናት አባዬ? እኔ አላያትም፣ አንተ ንገረኝ።»

ፌኦፋን ከዚያ በላይ አልቻለም። «ኡስቲኒያ» አለ፣ «ያን ቀን እኔ ዱላውን...»

ሳቫቲ መቅዘፉን አቆመ።

«ሽሽ!» አለች ኡስቲኒያ። ወደ ዳሩ ፊቷን መለስ አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰው ይሰማሃል። ዋሽቶ ነበር ቢሉህ ሥራህን ያስጥሉሃል። ለኔ ብለህ ነው፣ አውቃለሁ፣ ለማንም አልናገርም።» ሳል ያዛትና ቆየች፤ ሲለቃት እጁን ፈልጋ ያዘች። «እግዜር ይስጥልኝ አባዬ። ጀልባ ሰጠኸኝ እኮ።»

ሳቫቲ አማቱን አየና ጠበቀ።

«ምንም አይደል ልጄ» አለ ፌኦፋን።

ሳቫቲ መቅዘፍ ጀመረ።